ሆርተስ ስትሄዱ ከቡናው ጀምሩ

አምስተርዳም የሚመጣ ዘመድ ጓደኛ ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀኝ ጀልባውንና ቱሊፑን ነው። ሁለቱም ይታዩ፣ ክፋት የለውም። ግማሽ ቀን ከተረፋችሁ ግን ሆርተስ ሂዱ እላለሁ። ሙሉ ስሙ ሆርተስ ቦታኒከስ አምስተርዳም ይባላል። ከ1638 ጀምሮ የቆየ የእጽዋት ማዕከል ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

እኔ የጅማ ልጅ ነኝ። ጓሮው ቡና የሆነ ቤት ነው ያደግኩት። ዛሬ ላቲን አሜሪካ ውስጥ ከሚለቀመው ቡና የብዙው የዘር ሐረግ በዚህች ግቢ በኩል እንዳለፈ ካወቅኩ በኋላ ቦታው ለእኔ ተራ መናፈሻ መሆኑ ቀረ። እናንተም አበባ ብቻ አይታችሁ እንዳትወጡ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ መንገዱን። ከሴንትራል ባቡር ጣቢያ የምትነሱ ከሆነ 14 ቁጥር ትራም ያዙና ሜስተር ፊሰርፕላይን ላይ ውረዱ። ከዛውድኦስት (ከከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ) በኩል ለምትመጡት ደግሞ 53 ወይም 54 ቁጥር ሜትሮ ይሻላል። ዋተርሎፕላይን ወርዳችሁ ጥቂት ደቂቃ በእግር ነው። አድራሻው ፕላንታዠ ሚደንላን 2አ ነው። መኪና ይዛችሁ አትምጡ። መሃል አምስተርዳም ለመኪና ማቆሚያ የምትከፍሉት ገንዘብ ከመግቢያው ሊበልጥባችሁ ይችላል።

ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ነው። ስልካችሁ ላይ 10:00 እስከ 17:00 ብሎ የሚመጣው ማለት ነው። እንግዳ ከአገር ቤት ከመጣላችሁ ይህን አስረዱት፣ ቀጠሮ የሚያበላሸው ይኸው የሰዓት ነገር ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጻቸውን እዩ። የመስታወት ቤቶቹ ያረጁ ስለሆኑ አንዳንዴ ለጥገና ይዘጋሉ። ሩቅ መንገድ መጥቶ የተዘጋ በር ማየት ያበሳጫል። የባንክ ካርድም ያዙ። ሆላንድ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ የማይቀበል ቦታ ብዙ ነው።

መቼ ልሂድ ለምትሉ፣ የውጪው አትክልት የሚያምረው ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነው። እኔ ግን ክረምቱን እመርጣለሁ። ጃንዋሪ ላይ ውጪው ግራጫ ሆኖ፣ ነፋሱ አጥንት ሲሰብር፣ ሞቃታማው መስታወት ቤት ውስጥ ስትገቡ ዝናብ ያባራበት የጅማ ጠዋት ይሸታችኋል። እርጥብ አፈር፣ እርጥብ ቅጠል። መነጽር ያደረገ ሰው ሲገባ ወዲያው ጉም ይለብስበታል፣ የስልክ ካሜራም እንዲሁ። ትንሽ ታገሱት፣ ራሱ ይጠራል። ካፖርታችሁን በር ላይ አውልቁት፣ አለዚያ አሥር ደቂቃ ሳይሞላችሁ ላብ አጥምቋችሁ ለመውጣት ትቸኩላላችሁ።

ግቢው ትንሽ ነው። 1.2 ሄክታር ብቻ፣ ሁለት የእግር ኳስ ሜዳ እንኳን አይሞላም። ግን ከ4,000 በላይ የእጽዋት ዓይነት አለበት። ሁሉንም አያለሁ ያለ ሰው አንዱንም ሳያይ ይወጣል። አራት አምስት ተክል ምረጡና እነሱ ጋ ቁሙ። የቀረው መንገድ ላይ ስታልፉ ይታያል።

በሩ ላይ ቆም ስትሉ ይህን አስቡ። ግቢው የተቋቋመው ለመዝናኛ አልነበረም። በ1630ዎቹ ከተማዋን ወረርሽኝ መትቷት ነበር። ሐኪሞችና መድኃኒት ቀማሚዎች ቅጠሉን ከቅጠል ለይተው የሚማሩበት ቦታ ያስፈልግ ስለነበር ነው የከተማው አስተዳደር የመድኃኒት ተክል ያስተከለው። አሁን ወዳለበት ቦታ የተዛወረው በ1682 ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ከመርከብ ጋር የተያያዘ ነው። የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መርከቦች ከእስያም ከአፍሪካም ዘርና ችግኝ እየጫኑ ያመጡ ነበር። ከተማዋን የሚያስተዳድሩት፣ ኩባንያውን የሚመሩትና ግቢውን የሚቆጣጠሩት ሰዎች ብዙ ጊዜ ያው ራሳቸው ነበሩ። ለምሳሌ ኒኮላስ ዊትሰን የአምስተርዳም ከንቲባም የኩባንያው ዳይሬክተርም ነበር። ቡና ጃቫ ላይ እንዲተከል የገፋፋውም እሱ ነው።

እንግዲህ ወደ ቡናው።

ቦታው ሊቀያየር ስለሚችል ትኬት ስትቆርጡ "ኮፊፕላንት" ብላችሁ ጠይቁ፣ ያሳዩአችኋል። ስታገኙት ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ተጠግታችሁ እዩት። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ነው የሚወጡት። ላያቸው ያብረቀርቃል፣ ጠርዛቸው ደግሞ ሞገድ አለው። አንዱን ቅጠል ሳትቀጥፉ ቀስ ብላችሁ ከሥሩ ተመልከቱት። በቅጠሉ ላይ ያሉት ትንንሽ መስመሮች ከመሃሉ ወፍራም መስመር ጋር የሚገናኙበት ቦታ ላይ መርፌ የወጋቸው የሚመስሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። በዓይን የማይታዩ ነፍሳት የሚጠለሉባቸው ናቸው። ቡና ባለበት ጓሮ ያደገ ሰው ሁሉ ቅጠሉን ያውቀዋል፣ እነዚህን ቀዳዳዎች ግን አብዛኛው ሰው አያውቃቸውም። አበባ ላይ ከደረሳችሁለት ዕድለኞች ናችሁ። ነጭ ነው፣ ሽታው ጃስሚን ይመስላል። የፓሪሱ የእጽዋት ሊቅ አንትዋን ደ ዡሲዩም ከጃስሚን ወገን ነው የመደበው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ቡና ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ወደ የመን ተሻገረ። ከየመን ወደ ሕንድ ማላባር ጠረፍ ደረሰ። ሆላንዶች ከማላባር ችግኝ ወስደው በ1696 ጃቫ ላይ ተከሉ። ያንን ጎርፍ ወሰደው። በ1699 ደግመው ወሰዱ፣ ያ ጸደቀ። በ1706 ከጃቫ አንድ የቡና ተክል በመርከብ ወደ አምስተርዳም ተላከና እዚህ ሆርተስ ገባ። አስቡት፣ ወራት የሚፈጅ የባሕር መንገድ፣ ጨው፣ ብርድ፣ የሚጠጣ ውሃ በልክ። አትክልተኞቹ በእሳት በሚሞቅ ቤት አኑረው አበባ አስያዙት፣ ፍሬም ሰጠ።

ከፍሬው የበቀሉት ችግኞች ዓለምን ዞሩ። በ1714 የአምስተርዳም አስተዳደር አንዱን ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ በስጦታ ላከለት። ያ ፓሪስ ገባ። ከፓሪሱ ዘር ደግሞ ጋብሪኤል ደ ክሊዩ የሚባል መኮንን በ1720ዎቹ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ችግኝ ወሰደ። ራሱ እንደጻፈው፣ መርከቡ ላይ ውሃ ሲያጥር የሚጠጣውን ከችግኙ ጋር ይካፈል ነበር። ሆላንዶቹም በበኩላቸው ወደ ሱሪናም ወሰዱት። ከዚያ ጎረቤት ወደሆነችው የፈረንሳይ ጉያና ዘለቀ፣ ከዚያም በ1727 ወደ ብራዚል። ይህ ዛሬ ቲፒካ የሚባለው መስመር ነው። ቡርቦን የሚባለው ሌላው መስመር ከየመን በቀጥታ ወደ ሬዩኒየን ደሴት የሄደ ነው፣ በሆርተስ አላለፈም። የላቲን አሜሪካ ቡና በአብዛኛው ከእነዚህ ከሁለቱ የተወለደ ነው።

አንድ ዛፍ እንዴት ለዚህ ሁሉ በቃ? አረቢካ ቡና ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ሌላ ዛፍ አይፈልግም። አንድ ተክል ብቻውን መስታወት ቤት ውስጥ ቆሞ ፍሬ ይሰጣል። ለአትክልተኞቹ ይህ ትልቅ በረከት ነበር። ለቡናው ግን ጣጣ አለው። ከጥቂት ዛፍ የተወለደ ሁሉ ባሕርይው አንድ ዓይነት ነው፣ አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ይጥላል። በ1869 ሴሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ላይ የታየው የቅጠል ዋግ የደሴቲቱን ቡና አጠፋው፣ ገበሬው ወደ ሻይ ዞረ። በ1970 ያው ዋግ ብራዚል ገባ። በሽታ የሚቋቋም ዘር የሚፈለገው የቡናው የዘር ልዩነት ካልጠፋበት ቦታ ነው። ያ ቦታ የእኛ ጫካ ነው። የከፋና የያዩ ጫካዎች በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆነው የተመዘገቡትም በዚሁ ምክንያት ጭምር ነው። አምስተርዳም ያለችውን ተክል አይቶ ለተደነቀ ሰው ከፋ ያለው ጫካ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ማስረዳት አይከብድም። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህን ንገሯቸው።

ሌላም መነገር ያለበት አለ። ሱሪናም ላይ ያንን ቡና የተከሉት፣ የለቀሙትና የፈለፈሉት በግዞት ከአፍሪካ የተወሰዱ ባሮች ናቸው። ሆላንድ በዚያ ምድር ባርነትን የሻረችው በ1863 ነው። አምስተርዳም ውስጥ በየዓመቱ ጁላይ 1 ቀን ኬቲ ኮቲ በሚል የሚከበረው ቀን የዚያ መታሰቢያ ነው። ተክሉ ፊት ስትቆሙ ይህን አብራችሁ ያዙ። የንጉሥ ስጦታውና የመርከቡ ጀብዱ ብቻውን ከተወራ ታሪኩ ግማሽ ነው።

እናቴ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ ይዤያት ሄድኩ። ስለ ሉዊ 14ኛ ያወራሁላትን በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ ዱላዋን አስያዘችኝና ቅጠሉን ገልብጣ አየች። ቡና ያለው ሰው ቀድሞ የሚያየው ከሥሩ ነው። ዋግ ከገባው ቢጫ ዱቄት የሚታየው እዚያ ነው። "ደህና ነው" አለች። ቀጥላ ወደ ጣሪያው ቀና ብላ "ልጄ፣ ጥላው ምንድነው?" አለችኝ።

"እማዬ፣ መስታወቱ ነው፣ ፀሐይ ሲበረታ ይሸፍኑታል።"

"ዋንዛ ቢተክሉለት ይሻለው ነበር።"

እናት አባታችሁን፣ በተለይ ከቡና አገር የመጡትን፣ ይዛችሁ ሂዱ የምለው ለዚህ ነው። ምልክት ላይ ያልተጻፈውን ይነግሯችኋል። ግቢው ጠፍጣፋ ስለሆነ ለጉልበት አያስቸግርም፣ መቀመጫም በየቦታው አለ።

ከቡናው ቀጥሎ ስለ ፓልም ዘይት። ይህኛውም እቤታችን ድረስ የሚመጣ ታሪክ ነው። የዘይቱ ዘንባባ አገሩ ምዕራብ አፍሪካ ነው። በ1848 ጃቫ ላይ ቦጎር በሚባለው የእጽዋት ማዕከል አራት ችግኞች ተተከሉ። ሁለቱ የሄዱት በዚሁ በአምስተርዳም ሆርተስ በኩል ነበር። ከእነዚያ አራት ችግኞች ዘር ነው የኢንዶኔዥያና የማሌዥያ ሰፋፊ እርሻ የተጀመረው። ዛሬ አዲስ አበባ የሚገዛው፣ ብርድ ሲነካው የሚረጋው ዘይት ከእነዚያ አገሮች የሚመጣ ነው። እኔ ይህን ሳውቅ በጣም ገርሞኝ ነበር።

የዘንባባ ቤቱ በ1912 የተሠራ ነው። እዚያ ስትገቡ ሳይካድ የሚባሉትን ፈልጉ። ዘንባባ ይመስላሉ ግን አይደሉም። አበባ የሚባል ነገር ከመፈጠሩ በፊት የነበረ ወገን ነው፣ እንደ ጥድ ኮን ነው የሚያፈሩት። ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ነው። ከመካከላቸው ከደቡብ አፍሪካ ምሥራቅ ኬፕ የመጣ ኤንሴፋላርቶስ አልተንስታይኒ የሚባል አለ። ዕድሜው 300 ዓመት ገደማ ይገመታል። ግንዱን እዩት። ያረገፈው የያንዳንዱ ቅጠል ጠባሳ አልጠፋም፣ ተደራርቦ ቅርፊት ሆኖለታል።

የመድኃኒት ተክሎቹን ደግሞ ሳትቸኩሉ እዩ። ዮሐንስ ስኒፐንዳል የሚባል የግቢው ኃላፊ በ1646 በግቢው ያሉትን ተክሎች ቆጥሮ መዝግቦ ነበር፣ 796 ሆኑ። ያንን መዝገብ ተከትሎ የተተከለ መደብ አለ። እንዲህ ባለ የመድኃኒት መደብ ሁሉ እኔ የምፈልገው ሩታ የሚለውን ምልክት ነው። የጤና አዳማችን የቅርብ ዘመድ ነው፣ አውሮፓ ውስጥ በድሮ የመድኃኒት አትክልቶች የተለመደ ነው። ካገኛችሁ ሽታው ይነግራችኋል። ቀንጥቤ ቡናዬ ላይ ልጣል አትበሉ። ዝርያው ተመሳሳይ ላይሆን ይችላል፣ የተባይ መድኃኒት ተረጭቶበትም ሊሆን ይችላል። በፀሐይ ቀን ደግሞ የሩታ ጭማቂ የነካው ቆዳ ይቃጠላል፣ ውሃ ይቋጥራል። ልጆች እንዳይነኩት ጠብቁ።

ስለ ምልክቶቹ አንድ ምክር። የሆላንድኛው ስም ካልገባችሁ የላቲኑን አንብቡ፣ አብዛኛውን ጊዜ የመጣበት አገርም አብሮ ተጽፏል። አቢሲኒካ የሚል ካያችሁ ጠጋ በሉ። ኮሶም ኑግም በሳይንሱ ስማቸው ይህ ቃል አለባቸው። ኤቲዮፒካ የሚለው ግን አያሳስታችሁ። ድሮ አውሮፓውያን ቃሉን ለአፍሪካ በጥቅሉ ስለሚጠቀሙበት ነው። ሰርግ ላይ የምትታወቀው ነጯ ካላ ሊሊ ኤቲዮፒካ ብትባልም አገሯ ደቡብ አፍሪካ ነው። እንሰትም በየአውሮፓው መናፈሻ በበጋ ለጌጥ ይተከላል። ቆጮ አብልቶ ያሳደጋችሁን ተክል አበባ መሃል ቆሞ ስታዩት ለአብራችሁ ለሄደ ፈረንጅ ምን እንደሚሠራበት ንገሩት። አብዛኞቹ ከእንሰት ሰው እንደሚመገብ ሰምተው አያውቁም።

በግማሽ ክብ የተደረደሩት መደቦች ለተማሪ ጥሩ ናቸው። ተክሎቹ የቆሙት በዘመድ በዘመዳቸው ነው። ባዮሎጂ የሚማር ልጅ ካላችሁ እዚያ ተዉት፣ ስለ ሁጎ ደ ፍሪስም ንገሩት። ከ1885 እስከ 1918 የሆርተስ ዳይሬክተር የነበረ ሰው ነው። የሜንዴልን የዘር ውርስ ሕግ በ1900 እንደገና ካገኙት አንዱ እሱ ነው። ትንንሾቹን ልጆች ግን ወደ ቢራቢሮ ቤት ውሰዷቸው። ሌላ የምጨምረው የለኝም፣ እነሱ ራሳቸው አይወጡም።

ሲደክማችሁ ኦራንዠሪው አለ። በ1875 የተሠራ ነው። ብርድ የማይችሉ ተክሎች የሚከርሙበት ነበር፣ አሁን ካፌ ነው። ቡና እዚያ ጠጡ። ወጪ ለመቆጠብ ሳንድዊች ይዛችሁ ብትመጡም ቡናውን ግን ከዚያ ግዙ። በ1987 የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ማውጣቱን ሲያቆም ግቢው ሊዘጋ ነበር። ያዳኑት የሚወዱት ሰዎች ተሰባስበው ነው። አሁንም የሚኖረው በትኬትና በደጋፊ ነው። የምትከፍሉት ገንዘብ የመስታወት ቤቱን ማሞቂያ ይከፍላል ብላችሁ አስቡት።

ስትወጡ ፊት ለፊታችሁ ቨርትሃይም ፓርክ አለ። እዚያ የተሰባበረ መስታወት መሬት ላይ የተነጠፈበት የአውሽቪትዝ መታሰቢያ ታገኛላችሁ። ሠፈሩ ከጦርነቱ በፊት ብዙ አይሁዶች የሚኖሩበት ነበር። ጥቂት ደቂቃ ቁሙ። ልጆች ካሉ ግን ከሆርተስ በቀጥታ ሳይሆን ትንሽ አርፈው ቢሄዱ ይሻላል፣ ስለ ምን እንደሆነ ለማስረዳትም ጊዜ ያገኛሉ።

የቀረው ሱቁ ነው። ትንንሽ ተክሎች የሚሸጡበት ጊዜ አለ። እዚሁ ለምትኖሩ ግዙ፣ የቡና ችግኝ ካገኛችሁ ደግሞ መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያቃጥለው ቦታ አድርጉት። ማሞቂያው ሲበራ አየሩ ስለሚደርቅ ቅጠሉን ውሃ እፍ በሉበት። አገር ቤት የምትመለሱ ከሆነ ግን ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱ። አፈርና ሥር ያለው ነገር በሽታ ይዞ ይሄዳል፣ ጅማ ላለው ጫካ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም። በተቃራኒው ለምትመጡም ሕጉ ያው ነው። ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ አውሮፓ ኅብረት የእጽዋት ጤና የምስክር ወረቀት የሌለው ተክልም ሆነ የሚዘራ ዘር በተሳፋሪ ሻንጣ እንዲገባ አይፈቅድም። የጤና አዳም ችግኝ ተጠቅልሎ መጥቶ ኤርፖርት የተወሰደበት ሰው አውቃለሁ። ከፈለጋችሁ ዘሩን እዚሁ ከሚሸጥ ቦታ ገዝታችሁ ዝሩት፣ ድስት በምታክል ማሰሮ በረንዳ ላይ ይበቅላል።